ማንጎ የሚለካበት ፊት

የራጅያም አፍንጫ ሥራ ያቆመው በጥር ወር ነው። መጀመሪያ ተራ ጉንፋን መስሏት ነበር። ትኩሳቱ ሲለቃት ግን ሽታና ጣዕም የሚባለውን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ሄደ። የነጠረ ቅቤ፣ የጓሮው አበባ፣ የላሟ በረት፣ ባሏ ፀጉሩን የሚቀባው የኮኮናት ዘይት፣ ለእሷ ሁሉም አንድ ሆኑ። አፏም ያው ነው። የጎረሰችው ነገር ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ፣ ልስልስ ይሁን ሻካራ ትለያለች፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ብትሞትም አታውቀው። ሩዝ ስትበላ እርጥብ ጥጥ የምታኝክ ይመስላታል።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለሐኪም አልነገረችም፤ ለባሏም አልነገረችም። ጠዋት ጠዋት ጓዳ ውስጥ ከሥዕሉ ፊት አበባ ለምታኖርለት ለራማ እንኳ በግልጽ አላወራችውም። አምላክ ስለሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል ብላ ዝም አለች።

ወጥ የምትሠራ ሴት ምላሷ ሞቶ እንዴት ሳይነቃባት ቀረ ቢባል፣ ያዳናት የቤቱ ሕግ ነው። በዚህ ቤት ወጥ የሚሠራ ሰው አይቀምስም። የተሠራው ሁሉ መጀመሪያ ለራማ ይቀርባል፤ ከእሱ በፊት በጣት ጫፍ የቀመሰ ለአምላኩ ትራፊ አበላ ማለት ነው። ስለዚህ ጨው በመዳፍ፣ እርድ በዓይን፣ ሰናፍጭ በጆሮ ይለካል። ሰናፍጩ ቅቤው ውስጥ ተንጣጥቶ ዝም ሲል እሳቱ ይጠፋል። ምስሩ መብሰሉን የምትናገረው የምታፏጨዋ ድስት ናት። ራጅያም እዚህ ቤት ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ አርባ ዓመት አማስላለች፤ እጇ ከምላሷ የበለጠ ያስታውሳል።

ምራቷ ሻርቫኒ ይህን ሕግ የተማረችው በውድ ዋጋ ነው። የቪሻካፓትናም ልጅ ናት፤ ከተማ ያደገች፣ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ የራጅያምን ልጅ ፋኒን ወዳ ያገባች። በመጣች በሳምንቷ ከድስቱ ጠብ አድርጋ መዳፏን ላሰች። ራጅያም ድስቱን አንስታ ወጣችና ለላሟ ገለበጠችው። ላሟ ያን ቀን እንደ ሚዜ በላች። ሻርቫኒም ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ባየች ቁጥር እጇን ወደ ኋላዋ ትደብቃለች።

ያ ሕግ ነው እንግዲህ አሁን ለራጅያም መደበቂያ የሆናት። ገበታ ላይ ደግሞ የሰው ፊት ማንበብ ለመደች። ጨው ሲበዛ ሰው ውሃ ያበዛል፤ ሲያንስ እጁን ወደ ማባያው ይልካል። ችግሩ የባሏ የሶማያጁሉ ፊት አይነበብም። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ተማሪ እንዳይስቅበት ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የቆለፈውን ፊት፣ ቁልፉን የት እንደጣለው ራሱም አያውቅም። የሻርቫኒ ፊት ግን መስታወት ነው፤ ያሰበችው ሁሉ ግንባሯ ላይ ወጥቶ ይታያል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መስታወቱ አስፈሪ ነገር ያሳያት ጀመር። ሰናፍጩ መንጣጣት ሲጀምር ሻርቫኒ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ከወጥ ቤት ትሮጣለች። ሌላ አማት ብትሆን ሌላ ነገር ትጠረጥር ነበር። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው፣ ራጅያም የጠረጠረችው የራሷን ድስት ነው። «የማይሸተኝ ነገር ሸቷት ነው» አለች በልቧ። «ቅቤው ገምቶ ይሆናል፤ ወይም ያልታጠበ ነገር ከትቼ ይሆናል። አውቃብኛለች።»

በዚህ መሃል ማንጎው ደረሰ።

በየዓመቱ የጓሯቸው ዛፍ የመጀመሪያውን ጥሬ ማንጎ ሲሰጥ፣ ማንጎው ከጎመንና ከምስር ክክ ጋር ይሠራና ለራማ ይቀርባል። ይህችን ዳል የሚሏትን የክክ ወጥ ለመብላት የሶማያጁሉ ታላቅ እህት ማኒክያማ ከራጃማሄንድሪ ድረስ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ሌላ ጊዜ ለራጅያም ይህ ቀን ክብሯ ነበር። ዘንድሮ ግን መርዶ ሆነባት። ጨውን እጅ ያውቀዋል፤ ማንጎን ግን የሚያውቅ እጅ የለም። አንዱ ዛፍ ላይ ፀሐይ የሚመታው ጎንና ወደ ጉድጓዱ ያዘነበለው ጎን ኩምጥናቸው ለየብቻ ነው። አምና በሁለት ማንጎ የጣፈጠ ወጥ ዘንድሮ በሁለት ማንጎ ጥርስ ያጠርሳል። ቀድሞ ራጅያም የቆረጠችውን ከዛፉ በተቀነጠሰበት በኩል ታሸተውና ስንት እንደሚበቃ በዚያው ትፈርድ ነበር። አሁን ብታሸተው ድንጋይ ያሸተተች ያህል ነው።

ማኒክያማ ደግሞ በዋዛ የሚታለፉ ሴትዮ አይደሉም። ራጅያም ሙሽራ ሆና ስትመጣ ጭልፋውን ያስረከቧት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ጭልፋውን ከገዛ እናታቸው እጅ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። እናትዬዋ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማኒክያማ «እማዬ፣ አንቺ ይበቃሻል፣ በረንዳ ላይ ጥሩ ነፋስ አለ» አሏቸው። አሮጊቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከሩዝ ላይ ጠጠር እየለቀሙ እስኪሞቱ ድረስ ኖሩ። ምግብ በሰዓቱ ይመጣላቸዋል፤ ልብሳቸው ይታጠብላቸዋል፤ አንድም ሰው ግን «ዛሬ ምን ይሠራ?» ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። ራጅያም ይህን ዓይታለች። የምትፈራው ሞትን አይደለም፣ ያችን በረንዳ ነው።

ማኒክያማ በጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶቡስ ከች አሉ።

«ራጅያም፣ ከስተሻል» አሉ ገና ከበሩ።

«እርስዎ ግን አምሮብዎታል እትዬ።»

«አውቃለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር የለቀቀልኝ ጎረምሳ እንኳ እታለም ነው ያለኝ።» ወደ ወንድማቸው ዞር አሉ። «አንተስ? ፊትህ አሁንም ከሄደበት አልተመለሰም?»

«ደህና ነኝ እታለም» አለ ሶማያጁሉ በዚያው ፊት።

«ደህና መሆንህን በምን እወቅ? ይልቅ ማንጎው እንዴት ነው?»

«እንግዲህ ራማ ያውቃል» አለች ራጅያም። እውነቷን ነበር።

ማኒክያማ እግራቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ራጅያም ወደ ጓሮ ሮጠች። ለራማ ከተቆረጠው ማንጎ ሰው አይቀምስም፤ ነፋስ የጣለው ግን የራማ ድርሻ አይደለም፣ ያገኘው ይበላዋል። ከዛፉ ሥር ሁለት የወደቁ ማንጎዎች አገኘችና አጥባ ከተፈቻቸው። አሁን የሚያስፈልጋት ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ በቅርብ ወደተገኘው ሄደች።

«የፋኒ አባት፣ እስቲ ይቺን ይቅመሱልኝ።»

ሶማያጁሉ ከጋዜጣው ዓይኑን ሳያነሳ ወደ አፉ ላካት፤ አላምጦ ዋጣት።

«እህ?»

«ማንጎ ናት።»

«ማንጎ መሆኗን እኔም አላጣሁትም። እንዴት ናት?»

ባልየው አሰበበት። «ጥሬ ናት» አለና ገጹን ገለጠ።

ራጅያም ፊቱን ለአንድ አፍታ አፍጥጣ አየችው። ግድግዳ ቢያላምጥ ከዚህ የተሻለ ይናገራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የቀረችላት ያቺ የምትፈራት ምራቷ ናት።

ሻርቫኒ የሥራ ፈቃድ ወስዳ በጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ፋኒ ለሥራ ወደ ካኪናዳ ሄዷል። ራጅያም ሳህኑን አጠገቧ አስቀመጠችና ልብስ የምታሰጣ መስላ ፊት ለፊቷ ቆመች። በልቧ ሕግ አውጥታለች። ልጅቱ ሁለቱንም ዓይኖቿን ከጨፈነች ማንጎው ኃይለኛ ነው፣ አንድ ይበቃል። አንዱን ከጨፈነች ሁለት። አንዱንም ካልጨፈነች እንግዲህ ማንጎው ውሃ ነው ማለት ነው፤ እንደ ልብ ይጨመራል።

ሻርቫኒ አንድ ቁራጭ አንስታ ጎረሰች። ዓይኗ ቁልጭ ብሎ እንደተከፈተ ነው። ሌላ አነሳች። ግንባሯ ላይ አንዲት መስመር አልታየችም፤ እንዲያውም ትከሻዋ ሁሉ ዘና አለ።

«አይኮመጥጥም?» አለች ራጅያም እንደ ዋዛ፣ ጨርቅ እያራገፈች።

«ምኑ ይኮመጥጣል እማማ። እንደ ዘይቱን ነው።» ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። «ሌላ የወደቀ አለ?»

ራጅያም የሁለተኛውንም ማንጎ ጨመረችላት፤ እሱም እንደዚያው ሄደ። ራጅያም ልቧ ተመለሰ። ዘንድሮ ማንጎው ጉልበት የለውም፤ እንግዲህ ስድስት ይግባ ብላ ወሰነች።

ገላዋን ታጥባ፣ ያልተነካ የጥጥ ልብስ ለብሳ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ያን ልብስ እስክትቀይር ማንም አይነካትም። ማኒክያማ በሩ ላይ ዱካ ስበው ተቀመጡ፤ ሱረታቸውን በአፍንጫቸው ሳብ እያደረጉ ይጠብቃሉ። እሳቸውም ቢሆኑ አፍንጫቸው በሱረት ከደነዘዘ ሰንብቷል፤ ያንን ግን ማንም አይነግራቸውም።

ምስር ክኩ ከእርድ ጋር ድስቷ ውስጥ ገብቶ አፏጨ። ራጅያም አገዳው ቀላ ያለውን የጓሮ ጎመን በእጇ ቀነጠሰች፤ በአጥሩ ላይ ከሚሳበው ቅጠለ ወፍራም ጎመንም ጨመረች። ቃሪያ ሰነጠቀች። ከዚያ ማንጎውን መላጥ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ለሠርግ ነው?» አሉ ማኒክያማ አራተኛው ላይ።

«የዘንድሮው ማንጎ ባዶ ነው እትዬ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ያስታውቃል» አለች ራጅያም አምስተኛውን እየላጠች። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ እሱ ብቻ እንዳይሆን ነበር የጸለየችው።

ማንጎውና ጎመኑ ከቃሪያው ጋር በስለው ከምስሩ ጋር ተገናኙ። በእንጨት መደቆሻው ገፋ ገፋ አደረገቻቸው። ቅቤው ጋለ፤ ሰናፍጩ፣ ከሙኑና ዛላ በርበሬው ተንጣጡ። ከጓሮ የሻርቫኒ እግር እየሮጠ ሲርቅ ተሰማ። ራጅያም ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ መዓዛውን በአሳብ ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም።

ሶማያጁሉ ደወሉን ደውሎ፣ ውሃ ረጭቶ ዳሉን በሩዝ ላይ ለራማ አቀረበ። ራማ በሥዕሉ ውስጥ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ እንዳለ ተቀበለ። ሁሉም የሙዝ ቅጠላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ራጅያም ለማቅረብ ቆማ ቀረች፤ ፊት ለማንበብ የሚመቸው ቁመት ያ ነው።

ማኒክያማ ሩዙን ከዳሉ ጋር አዋህደው፣ ቅቤ አስደርበው፣ ጠቅልለው ጎረሱ።

ግራ ዓይናቸው ተጨፈነ። ቀኙ ትንሽ ታገለና እሱም ተጨፈነ። ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገባ፤ ጆሯቸው ወደ ኋላ የሄደ መሰለ። በመጨረሻ አንገታቸው ከትከሻቸው ውስጥ ጠፋና ከሱረት የበረታ ማስነጠስ አስነጠሳቸው። ራጅያም ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰች። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

«ወንድሜ» አሉ ማኒክያማ ድምፃቸው ሲመለስ፣ «ምን ይመስልሃል?»

ሶማያጁሉ በእርጋታ እያላመጠ ነው። «ኮምጠጥ ብላለች» አለ።

«ኮምጠጥ? ያሉኝን አራት ጥርሶች ለቅሜ ይዤ ልመለስ ነው። አንተ ዓይንህን ሳትጨፍን የበላኸው በተፈጥሮህ ነው፤ በአንተ አልፈርድም።» እንባቸውን ጠረጉና ወደ ራጅያም ዞሩ። «ነይ ተቀመጪ። ብዪልኝ።»

«እኔ በኋላ...»

«አሁን።»

ራጅያም ተቀምጣ ጎረሰች። ልስልስ ነው፤ ትኩስ ነው። ጎመኑ አልተቃጠለም። ዓይኗን ለመጨፈን አሰበች፣ ግን የትኛውን መቼ እንደምትጨፍን ስታሰላ ጉርሻው አለቀ። ማኒክያማ ከአጠገቧ ሆነው እያንዳንዷን ሽፋሽፍት ይቆጥራሉ።

«ይህን በልታ ዓይኗን ያልጨፈነች ሴት ጤና የላትም» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ሆነሻል ራጅያም?»

ከጥር ጀምሮ የተሸከመችውን ሸክም የምታወርድበት ቦታ ፈልጋ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ራሱ ወረደ። «አይሸተኝም እትዬ። ጣዕምም የለኝም። በጥር የያዘኝ ትኩሳት ይዞት ሄደ።»

«ከጥር ጀምሮ?»

«ከጥር ጀምሮ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቆይ። ካልሸተተሽ፣ ካልቀመስሽ፣ ስድስት ማንጎ ይበቃል ብለሽ በምን ለካሽው?»

ራጅያም አንገቷን ደፋች። «በሻርቫኒ ፊት። ነፋስ የጣለውን አብልቻት ነበር። እንደ ዘይቱን ነው አለችኝ።»

ሁሉም ወደ ሻርቫኒ ዞሩ። ሻርቫኒ ማንም ሳያያት ሦስተኛ ዙር ሩዟን ጨርሳ፣ ዳሉን ከቅጠሉ ላይ በጣቷ እየጠረገች ነበር። ጣቷ አፏ ውስጥ እንዳለ ቀና አለች።

ማኒክያማ አልቸኮሉም። የልጅቱን ጣት አዩ፤ ቅጠሉን አዩ፤ ወገቧን አዩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ሰናፍጭ ሲንጣጣ የምትሮጪው ወዴት ነው?»

ያ መስታወት ፊት ከአንገቱ እስከ ፀጉሩ ቀላ። «ከፋኒ ጋር ያልተናገርነው... ሐኪሟ ፅንሱ ሦስት ወር ይሙላው ስላለች ነው። ሽታው ሆዴን ይገለብጠዋል። እማማን ላስቀይማቸው ብዬ አይደለም።»

«እኔ እኮ ወጤ ገምቶ መስሎኝ» አለች ራጅያም። ከአፏ ያመለጣት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር። ማኒክያማ ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቃቸው ከማስነጠሳቸው ይበልጥ ቆየ። አንዲቷ አፍንጫ የላት፣ ሌላዋ አፍንጫ በዝቶባታል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ደህና ሰው ይወጣቸዋል አሉ።

በዚህ መሃል አንድ እንግዳ ነገር ታየ። የሶማያጁሉ ፊት ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ አገጩ ነው የጀመረው፤ ከዚያ ከንፈሩ፣ ከዚያ ጉንጩ፣ ለዘመናት ያልተከፈተ የእንጨት መስኮት እንደሚከፈት እየተንቋቋ ወደ ላይ ወጣ። እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባና ደወሉን ያለ ሰዓቱ ይደውለው ጀመር።

«ወንድሜ ጥርስ ነበረው ለካ» አሉ ማኒክያማ። ሱረታቸውን አውጥተው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ደስታው ደስታ ነው። ድስቱ ግን ሌላ ነው። ይህች ልጅ ወደ እሳት አትጠጋም። አንቺም በሰው ፊት እየለካሽ ቤተሰብ አታቃጥዪም። ወጥ የምትሠራ ሴት ከራጃማሄንድሪ እልክላችኋለሁ። አንቺ ደክመሻል፣ አረፍ በዪ። በረንዳ ላይ ጥሩ ነፋስ አለ።»

ራጅያም እኚህን ሴት «አይሆንም» ብላቸው አታውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ «እሺ እትዬ» ነበር ቋንቋዋ። አሁን ግን ከሙዝ ቅጠሉ ላይ ቀና አለች።

«በረንዳውን አልፈልግም እትዬ።»

«ምን?»

«እናትዎ እዚያ ተቀምጠው አይቻለሁ። ሩዙን ሳቀርብላቸው ቀና ብለው ‹ዛሬ ምን ሠራሽ?› ይሉኝ ነበር። ሁልጊዜ። ቸኩዬ እየሄድኩ ነበር የምመልስላቸው። እዚያ ከምታስቀምጡኝ ላሟ ጋር እሰሩኝ። እሷ እንኳ ምን እንደተሠራ ትቀምሳለች።»

በተከፈተው በር በረንዳው ይታያል፤ አሁን ጫማና የተጣጠፈ ጃንጥላ ነው ያለበት። ማኒክያማ ወደዚያ ዞረው አዩ። ሱረቱ በጣታቸው መሃል እንደተያዘ ቀረ።

ሻርቫኒ ባዶ ቅጠሏን ገፋ አደረገች። «እማማ፣ ይህ ዳል ለማታ ይተርፋል?»

«ስድስት ማንጎ ገብቶበት ለሳምንትም ይተርፋል» አሉ ማኒክያማ።

«እንዳትሰጡት ለላሟ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ እህል ሆዴ ውስጥ ውሎ ካደረ። የበላሁትን ሁሉ መልሼ አውጥቼዋለሁ። ዛሬ ብቻ ነው የበላሁት የረጋልኝ።» ወደ ራጅያም ጠጋ አለች፤ ልትነካት እጇን ዘርግታ ያለመነካካቱን ሕግ አስታውሳ ሰበሰበችው። «ነገም ይሥሩልኝ። እንዳይቀንሱት ደግሞ፤ እንዲሁ ይሁንልኝ። ከሌላ ሰው እጅ አልበላም።»

ይህች ልጅ ከገባች ጀምሮ ከእሷ ምግብ ጠይቃ አታውቅም፤ የተሰጣትን ነበር የምትበላው። «ለሌላው ሰውስ?» አለች ራጅያም ቀስ ብላ። «ማን ይቀምስልኛል? ሕጉ አለ።»

ማኒክያማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እሷ ትቀምሳለች» አሉ።

ሶማያጁሉ ከጓዳ ብቅ አለ፣ አዲሱን ፊቱን እንደያዘ። «ለራማ ሳይቀርብ?»

«ሆዷ ውስጥ ያለው ገና ከራማ ዘንድ እየመጣ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ እንግዳ ነው። እሱ የቀመሰው ትራፊ አይባልም።»

«ይህ የት ነው የተጻፈው?»

«እኔ አሁን ተናገርኩት። ከአንተ በላይ ጾሜያለሁ፣ ዝም በል» አሉ ማኒክያማ። ከዚያ ወደ በረንዳው ሳያዩ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ጭልፋው አንቺው ጋ ይቆይ ራጅያም» አሏት።

ከሰዓት በኋላ ማኒክያማ ጋደም አሉ። ሶማያጁሉ ለጎረቤት ሁሉ ሊስቅ ወጣ። ራጅያም የተረፈውን ዳል በትንሽ ሳህን ይዛ ከሻርቫኒ ጋር በጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የጥጥ ልብሷን ስለቀየረች አሁን መነካካት የሚከለክል ሕግ የለም፤ ትከሻቸው ተነካካ። ሁለቱም ከአንድ ሳህን ጎረሱ።

«ንገሪኝ» አለች ራጅያም።

«ምኑን እማማ?»

«እንዴት እንደሆነ።»

ሻርቫኒ ዓይኗን ወደ ማንጎው ዛፍ አድርጋ አሰበች። «መጀመሪያ ምንም አይልም። ምስሩ ነው የሚመጣው፣ ቅቤ ቅቤ እያለ። ከዚያ ድንገት እዚህ፣ ከጆሮዬ ሥር ቆንጠጥ ያደርገኛል። መንጋጋዬን ይይዘዋል። ጎመኑ መጥቶ ሲያባብለው ለቀቅ ያደርግና፣ ቃሪያው ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል። ከዋጥኩት በኋላ ጥርሴ ላይ ይቀራል። ምላሴን ሳሳልፍበት እንደገና ይኮመጥጣል።»

ራጅያም ታዳምጣለች። ከጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ቆነጠጣት። መንጋጋዋ ጠበቅ አለ፣ ከምላሷ ግርጌም ቀስ ብሎ አንድ ነገር ፈለቀና አፏን ሞላው። ምራቋ ነው። ከጥር ወዲህ እንዲህ ሆና አታውቅም። እንዳይፈስባት አፏን በእጇ ያዘች፤ ዋጠችው። እንደገና ሞላ። ዓይኖቿም አብረው ሞሉ።

«እማማ? አመመዎት?»

ራጅያም ራሷን ነቀነቀች። «ቀጥዪ» አለቻት። «ጥርስሽ ጋ ደርሰሽ ነበር።»